በደሉ የማን ነው? ኦቲዝም ስላለባቸው ልጆችና ስለ ወላጆቻቸው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በመንገድ ሲያልፍ ከእናቱ ማሕፀን ዕውር ሆኖ የተወለደ ሰው ባየ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ያቀረቡለት ጥያቄ በቅዱስ ዮሐንስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። ጥያቄያቸው ይህን ሰው ማን ይርዳው የሚል አልነበረም፤ ምን በልቶ ያድራል የሚልም አልነበረም። የጠየቁት ኀጢአቱ የማን እንደ ሆነ ነው፤ የራሱ ነው ወይስ የወላጆቹ? ጌታም ነገሩ የእርሱም የወላጆቹም ኀጢአት እንዳልሆነ ከነገራቸው በኋላ ወዲያው ወደ ሥራው ተመለሰ፤ በምራቁ ጭቃ አድርጎ የሰውየውን ዐይን ቀባ። ደቀ መዛሙርቱ ስላለፈው ነገር ሊመራመሩ ቆመው ሳሉ፥ እርሱ ለዚያች ሰዓት የሚያስፈልገውን አደረገ።

ይህ ጥያቄ ከተጠየቀ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው። ዳሩ ግን በአገራችን ዛሬም ይጠየቃል። በቡና ላይ ይጠየቃል፤ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ይጠየቃል፤ በጸበል ቦታ፥ አንዳንድ ጊዜም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ በሹክሹክታ ይጠየቃል። የምትጠየቀውም ልጇ ስሙ ሲጠራ ዘወር የማይል፥ ዓይን ለዓይን የማያይ፥ ባልታወቀ ምክንያት ጆሮውን ይዞ የሚጮኽ እናት ናት። ሐኪሞች ኦቲዝም ስለሚሉት ስለዚህ ነገርና፥ ልጁንም ወላጆቹንም እንዴት ልንረዳቸው እንደሚገባን ዛሬ ልንነግራችሁ አስበናል። በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ኦቲዝም ምንድን ነው? እንደ ንዳድ ይዞ የሚለቅ ሕመም አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የልጁ አእምሮ ገና በማሕፀን ሳለ ጀምሮ በተለየ መንገድ ሲያድግ፥ የሚያየውንና የሚሰማውን የሚቀበልበት፥ ከሰውም ጋራ የሚግባባበት መንገድ ከብዙዎቻችን የተለየ ይሆናል። ቃሉ በግሪክ ቋንቋ «ራስ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ የልጁን በራሱ ዓለም መኖር ለማመልከት ሐኪሞች ያወጡት ስም ነው። እኛ ግን ስሙ ልጁን በሚገባ የገለጠው አይመስለንም፤ ብዙዎቹ እነዚህ ልጆች ሰውን የሚሹ ናቸውና፥ መንገዱ ነው የሚቸግራቸው።

አንድ ዓመት የሞላው ሕፃን ስሙ ሲጠራ ዘወር ብሎ ያያል። የፈለገውን በጣቱ ያመለክታል፤ የፈለገውን ብቻም ሳይሆን ያስደነቀውን ነገር፥ ወፍም ቢሆን አህያም ቢሆን፥ እናቱ አብራው እንድታይለት ይጠቁማታል። ኦቲዝም ያለበት ሕፃን ብዙ ጊዜ ይህን አያደርግም። ሲጠሩት የማይሰማ ይመስላል፤ ነገር ግን በሌላ ክፍል የብስኩት ወረቀት ሲንኮሻኮሽ እየሮጠ ይመጣል። የጠርሙስ ክዳኖችን በተርታ ይደረድራል፤ እጁን ያርገበግባል፤ በጣቶቹ ጫፍ ይሄዳል፤ በየቀኑ የሚሄድበት መንገድ ቢለወጥበት መሬት ላይ ወድቆ ያለቅሳል። አንዳንዱ ደግሞ «እማማ» እና «ውሃ» ማለት ጀምሮ ሳለ በሁለተኛው ዓመቱ የነበሩት ቃላት ይጠፉበታል። እናቶችን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጣቸውና «ቡዳ በላው» የሚያሰኛቸው ይህ ነው፤ ትናንት ይናገር የነበረ ልጅ ዛሬ ዝም ሲል ዐይን ገባበት ይባላል። ነገር ግን በአዲስ አበባም ሆነ በለንደን፥ ቡዳ የሚባል ነገር ተሰምቶ በማያውቅበት አገርም ቢሆን፥ ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ በዚያው ዕድሜ በዚያው መንገድ ቃላቸው እንደሚጠፋባቸው ሐኪሞች መዝግበውታል።

ሁሉም አንድ ዐይነት አይደሉም። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቃል የማይናገር አለ፤ ያለ ማቋረጥ የሚናገር፥ ነገር ግን ስለ መኪና ቍጥር ብቻ የሚናገር አለ። ትምህርት ፈጽሞ የሚከብደው አለ፤ በስሌት ከመምህሩ የሚበልጥ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለበት። እንግዲህ በአንድ ታላቅ ደብር ለንግሥ የሚሰበሰበውን ሕዝብ አስቡና ለ127 አካፍሉት፤ ያን ያህል ሰው በመካከላችሁ ሊኖር ይገባ ነበር። የማናያቸው ከሆነ የት ናቸው? ብዙዎቹ በጓዳ ናቸው።

በእነዚህ ልጆች ምክንያት ወላጆችን መክሰስ የእኛ አገር ሕዝብ ብቻ ያደረገው ነገር አይደለም። ሊዮ ካነር የተባለው በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ የነበረ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም በ1943 ስለ 11 ልጆች፥ ይኸውም ስለ 8 ወንዶችና ስለ 3 ሴቶች፥ ጽፎ ይህን ነገር ለዓለም አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ግን እርሱም ሌሎች ሊቃውንትም የወላጆችን ጠባይ እየጠቀሱ፥ ልጁ እንዲህ የሆነው ወላጆቹ ፍቅር የነሡት ስለ ሆነ ነው ወደ ማለት አዘነበሉ። እናቶች በማቀዝቀዣ ሣጥን ተመሰሉ። ብሩኖ ቤትልሃይም የሚባለውም በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አስፋፋው። ስንት እናት በዚያ ዘመን ሌሊቱን ስታለቅስ እንዳደረች እግዚአብሔር ያውቃል! ልጇ መናገር አለመቻሉ ሳያንስ፥ የተማሩ ሰዎች አንቺ ነሽ ያደረግሽው አሏት። በርናርድ ሪምላንድ የተባለ፥ እርሱም ራሱ እንዲህ ያለ ልጅ የነበረው ሊቅ፥ አሳቡ ማስረጃ እንደሌለው በ1964 በመጽሐፍ ገልጦ ነበር። በ1977 ደግሞ በመንትዮች ላይ የተደረገ ምርመራ የነገሩ ሥር በአብዛኛው በትውልድ የሚወረስ መሆኑን አሳየ። ካነርም ራሱ በ1969 በወላጆች ጉባኤ ፊት ቆሞ ወላጆችን ከበደል ነጻ ናችሁ አላቸው። እንደዚሁም በ1998 አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ክትባትን ምክንያት አድርጎ የጻፈው ጽሑፍ በ2010 ሐሰት ሆኖ ተገኝቶ ተሽሯል፤ ስለዚህ ይህን ወሬ ሰምታችሁ ልጆቻችሁን ከክትባት የከለከላችሁ ብትኖሩ ውሰዱአቸው።

በውጭ አገር ሐኪሞች እናትን ከሰሱ፤ በእኛ አገር ማን ይከሳታል? በአዲስ አበባ በሁለት የሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ኦቲዝምና የአእምሮ ዕድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎች ተጠይቀው፥ ውጤቱ በ2016 ታትሟል። ከመቶ 40 ያህሉ የልጃቸው ነገር ከርኩስ መንፈስ እንደ መጣ ያስባሉ፤ ከሩብ የሚበልጡት በተሠራ ኀጢአት ምክንያት ነው ይላሉ። ከመቶ 45 ያህሉ በልጃቸው ያፍራሉ፤ ከሩብ የሚበልጡት የልጁን ነገር ከሰው ለመሰወር ይጥራሉ። ምእመናን ሆይ፥ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በጥሞና ስሙ፤ የሰው ንቀትና መገለል ከሌሎች ሃይማኖት ተከታዮች ይልቅ በኦርቶዶክሳውያኑ ወላጆች ዘንድ በዝቶ ተገኝቷል። ነገሩ ከመንፈስ ነው በሚሉትም ዘንድ እንዲሁ በዝቶ ተገኝቷል። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የሚናገረው ወንጌል በሚነበብበት ቤት ይህ መሆኑ የሚያሳዝን አይደለምን? ደግሞም እነዚያ ወላጆች ከሁሉ አብልጠው የሚሹት ምን እንደ ሆነ ሲጠየቁ፥ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ለልጃቸው ትምህርት ቤት እንደሚሹ ተናግረዋል።

የኢዮብን ወዳጆች እናስታውስ። መከራውን በሰሙ ጊዜ ከየአገራቸው መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ ከእርሱ ጋራ በምድር ላይ ተቀመጡ። እስከዚህ ድረስ መልካም ወዳጆች ነበሩ። አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ግን በደልህን ፈልግ ይሉት ጀመር፤ በመጨረሻውም እግዚአብሔር የተቈጣው በኢዮብ ሳይሆን በእነርሱ ላይ ነው። ወደ እንዲህ ያለ ቤት የምትሄዱ ጎረቤቶች ሆይ፥ እንደ መጀመሪያዎቹ ሰባት ቀኖች ሁኑ። «ምን አድርጋችሁ ነው?» አትበሉ። ሂዱና ለሁለት ሰዓት ልጁን ያዙላት፥ እናቲቱም ትተኛ፤ እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ ሌሊት አይተኛምና፥ አብራው ነቅታ ያደረች ናት።

ስለ ጸበልም ሳንናገር ልናልፍ አንችልም። ጸበል የእግዚአብሔር ጸጋ ነው፤ ልጃችሁን ወስዳችሁ ብታስጠምቁት፥ ብትጸልዩለት፥ መልካም አደረጋችሁ። ነገር ግን ሕፃንን በገመድ ማሰር፥ አጋንንት ይውጣለት ብሎ መምታት፥ እየጮኸ በብዙ ሰው መካከል በግድ ማቆየት ጸበል አይደለም። የሚጮኸው ቀዝቃዛው ውሃና ግፊያው፥ የሌላውም ሕመምተኛ ጩኸት ከሚችለው በላይ ስለ ሆነበት ነው። ሌላም ብርቱ ነገር አለ፤ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች መካከል የሚጥል በሽታ የሚነሣባቸው ከሌሎች ልጆች ይልቅ ብዙዎች ናቸው። ኦቲዝምን ራሱን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ አለ ብሎ የሚሸጥላችሁ ቢኖር ገንዘባችሁን የሚሻ ሰው ነው። ለሚጥለው በሽታ ግን መድኃኒት አለው፤ ይህም መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ በሽታው በርትቶ ሊነሣ፥ ልጁንም ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ወደ ጸበል ስትሄዱ ኪኒኑን ይዛችሁ ሂዱ፤ በሰዓቱም ስጡት። የሲራክ መጽሐፍ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እናከብር ዘንድ፥ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምረናል፤ ይህን መጽሐፍ ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋራ ቈጥራ የምታነበው በከንቱ አይደለም።

አሁን ደግሞ አንድ ሰው ስላለፈበት ሕይወት ጥቂት ረዘም አድርገን እንነግራችኋለን። ካነር ከጻፈላቸው ከ11ዱ ልጆች የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት ይባል ነበር፤ በ1933 በሚሲሲፒ ግዛት ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ልጁ ወላጆቹን ልብ አይላቸውም ነበር፤ ዕቃ ማሽከርከር ይወድ ነበር፤ ሥራው ቢቋረጥበት እጅግ ይቈጣ ነበር። በዚያ ዘመን እንደ ነበረው ልማድ አራት ዓመት ሳይሞላው ከቤት አውጥተው ወደ ልጆች ማቆያ ቦታ ላኩት። ወላጆቹ ግን አንድ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ሄደው ወደ ቤታቸው መለሱት። አባቱም ስለ ልጁ ያስተዋለውን ሁሉ በ33 ገጽ ደብዳቤ ጽፎ ወደ ካነር ላከ፤ ያ ደብዳቤ ለሐኪሙ ጥናት መነሻ ሆነው። አንድ አባት በትዕግሥት ተመልክቶ የጻፈው ነገር ለዓለም ሕክምና መጀመሪያ መሆኑ ሊያስደንቀን ይገባል።

ዶናልድ ከፍ ሲል ለጥቂት ዓመታት ከአንድ ገበሬና ከሚስቱ ጋራ ተቀመጠ። እነዚህ ሰዎች ሐኪሞች አልነበሩም፤ ነገር ግን ያደረጉት ነገር ከብዙ ሐኪም ምክር ይበልጣል ብለን እናምናለን። ልጁ የበቈሎውን ተርታ ደጋግሞ የመቍጠር ልማድ ያዘው፤ እነርሱም አትቍጠር ብለው አልመቱትም፤ እያረስህ ቍጠር ብለው ማረሻ አስያዙት። ነገርን ሁሉ መለካት በወደደ ጊዜ ጕድጓድ እንዲቈፍርና ጥልቀቱን እንዲነግራቸው አደረጉ። የሞቱ ወፎችን እየለቀመ ባስቸገራቸው ጊዜም የመቃብር ቦታ ሰጥተው በየመቃብሩ ላይ ምልክት እንዲያቆም ነገሩት። እንግዲህ አስተውሉ፤ ልጁን ከልማዱ ሊያላቅቁት አልታገሉም፤ ልማዱን ከሥራ ጋራ አጋቡት እንጂ። ካነርም በ1945 ሊጠይቀው ሄዶ ይህን ባየ ጊዜ ተደንቆ ጻፈ።

ያ ልጅ ኮሌጅ ገብቶ በ1958 ተመረቀ። በከተማው ባንክ ከስድሳ ዓመት በላይ ሠራ፤ መኪና ነዳ፤ ብቻውን ወደ ብዙ አገር ተጓዘ። አነጋገሩ እስከ እርጅናው ድረስ አጭርና የተለየ ነበር፤ ሰዎችን በስማቸው ፈንታ በቍጥር የመጥራት ልማድም ነበረው። የከተማው ሰዎች ግን ዶን እንዲህ ነው ብለው ተቀበሉት። ኋላ ጋዜጠኞች ስለ እርሱ ሊጠይቁ በመጡ ጊዜ፥ ጎረቤቶቹ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር እርሱን የሚጎዳ ነገር ብትጽፉ ከእኛ ጋራ ነው የምትጣሉት ብሎ ማስጠንቀቅ ነበር። በ2023 በ89 ዓመቱ ዐረፈ።

ወላጆቹ ባለጠጎች ነበሩ፥ ባንኩም የእናቱ ዘመዶች ነበር የምትሉን እንዳላችሁ እናውቃለን። እውነት ነው፤ የሀብታም ልጅ ባይሆን ኖሮ ነገሩ በዚህ መንገድ ባልሄደም ነበር። ነገር ግን ማረሻ ለማስያዝ ምን ባንክ ያስፈልጋል? የእኛ ገበሬ በሬውን ጠምዶ ሲወጣ ከኋላው ዘር የሚያቀብል፥ እንስሳ የሚመልስ፥ እህል የሚለቅም ልጅ ይፈልጋል። በከተማም ቢሆን ቡና ሲለቀም፥ ዕቃ ሲደረደር፥ ልብስ ሲታጠፍ፥ ነገርን አንድ በአንድ በተርታ ማድረግ ለሚወድ ልጅ ሥራ አይታጣም።

በአገራችንም ያለ ማንም ርዳታ የጀመሩ እናቶች አሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት መሆኑን ዐውቀው፥ እርሱን የሚቀበል ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ፥ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። ከዚህም ጋራ «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» ብለው የሰየሙትን፥ በፊደላችን ድምፅ ላይ የተመሠረተ የማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጁ። በየኔታ ፊት ሀ ሁ ሂ እያልን ያደግን ሰዎች ይህን በቀላሉ እንረዳዋለን፤ ፊደላችን ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱ መልክ ያለው ስለ ሆነ፥ በጆሮው ብቻ መያዝ ለሚቸግረው ልጅ ድምፁን በዐይኑ ያሳየዋል። ከዚህም ሌላ የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ ዘጠኝ ጊዜ በጉባኤ፥ ሦስት ጊዜም በየቤቱ እየተሄደ የሚሰጥ ሲሆን፥ በአገራችን ተሞክሮ ለአገራችን ኑሮ እንዲስማማ ሆኖ ተሰናድቷል። ዋናው ቁም ነገሩም ወላጅን የልጁ መምህር ማድረግ ነው።

እስኪ በቤታችሁ ልታደርጉት የሚቻላችሁን እንናገር። ልጃችሁ አንድ ዓመት ተኩል ሆኖት የማይጠቁም፥ ስሙንም ሲሰማ የማይዞር ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ አስቀድሞ ጆሮው ይመርመር። «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረ» እያሉ አምስት ዓመት መጠበቅ መልካም አይደለም፤ ትንሽ ሆኖ ሳለ የተጀመረ ትምህርት ይበልጥ ይጠቅመዋልና።

ሲያናግሩት በአጭር ቃል ማናገር ነው። «ጫማህን አድርግና እጅህን ታጥበህ ና፥ አክስትህ ዘንድ እንሄዳለን» ቢሉት ይጠፋበታል፤ «ጫማ» ብለው ጫማውን ቢያሳዩት ይገባዋል። ከዚያም መልሱን መጠበቅ ነው፤ በልብ እስከ ዐሥር እየቈጠሩ መጠበቅ። ብዙዎቻችን ሦስት ሳንደርስ እንደግመዋለን፥ በዚህም ልጁን ከጀመረበት እናስወጣዋለን። የቀኑን ሥራ በሥዕል ሣሉለት፤ ፀሐይ፥ ቁርስ፥ ትምህርት ቤት፥ እራት፥ አልጋ። የሚለወጥ ነገር ካለ ሥዕሉን አስቀድማችሁ ለውጡ፤ የሚያስጮኸው ብዙ ጊዜ ያልጠበቀው ነገር ነውና።

መናገር ያልቻለ ልጅ የሚናገረው የለውም ማለት አይደለም። ካህኑ ዘካርያስ አንደበቱ በታሰረ ጊዜ ዘመዶቹ በምልክት ጠየቁት፤ እርሱም ሰሌዳ ለምኖ የልጁን ስም ጻፈ። በእርግጥ የዘካርያስ ዝምታ ስላለማመኑ የመጣበት ነው፥ የዚህ ልጅ ግን የማንም ቅጣት አይደለም፤ ነገር ግን ከዚያ ቤት የምንማረው ነገር አለ። ዘመዶቹ ዝም ስላለ ትተውት የሕፃኑን ስም በራሳቸው አላጸኑትም፤ ጠየቁት፥ ሰሌዳም ሰጡት። እናንተም ስጡት። የውሃ፥ የእንጀራ፥ የሽንት ቤት፥ የ«አመመኝ» ሥዕል በካርቶን ላይ አድርጋችሁ በእጁ እንዲያመለክት አስተምሩት። ሥዕል ከያዘ መናገር ይተዋል ብላችሁ አትፍሩ፤ እንዲያውም መግባባት የቀመሰ ልጅ ለቃልም ይበረታታል።

መሬት ላይ ወድቆ ሲጮኽ ጥጋብ አይምሰላችሁ። የሚያጠግበው ነገር ተከልክሎ የሚያለቅስ ልጅ የእናቱን ፊት እያየ ነው የሚያለቅሰው፤ ይህ ግን ማንንም አያይም፤ የብርሃኑና የድምፁ ብዛት አጥለቅልቆት ነው። በዚያን ጊዜ መምከርም መምታትም አይሰማውም። ጸጥ ወዳለ ቦታ መውሰድ፥ ዝም ብሎ አጠገቡ መቀመጥ፥ እስኪበርድለት መጠበቅ ነው። ከቤት ወጥቶ የሚጠፋ ልጅም አለ፤ ውሃ ይስበዋል፥ መኪናም አይፈራም። እርሱን ማሰር መፍትሔ አይደለም፤ በሩን በመቀርቀሪያ ማጥበቅና፥ ከሁሉ በፊት ባለ ሱቁ፥ ዘበኛው፥ የሰፈሩ ሊስትሮ ሁሉ ልጁን በመልኩና በስሙ እንዲያውቁት ማድረግ ነው። የተደበቀ ልጅ በጠፋ ጊዜ ማንም አያውቀውም።

ወደ ቤተ ክርስቲያን እንምጣ። ቅዳሴያችን ረጅም ነው፤ ከበሮና ጸናጽል አለ፤ ዕጣን አለ፤ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ይቆማል። ለእኛ ይህ ሁሉ የሰማይ ደጅ ነው፤ ጆሮውና አፍንጫው ከእኛ እጅግ ለረቀቀ ልጅ ግን ከባድ ሸክም ሊሆን ይችላል። ከከበሮው ይልቅ ድምፅ ማጉያው ሳይከፋ አይቀርም፤ አባቶቻችን ያለ እርሱ ነበር የቀደሱት። እናት ሆይ፥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማቆም ግዴታ አይሁንብሽ። ሰው በሌለበት ቀን አምጪውና ቅጥሩን ይዙር፥ ዛፉን ይንካ፥ ደወሉን ይይ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከውጭ በዛፍ ጥላ ሥር ዐሥር ደቂቃ ይቁም፤ ኋላም ሃያ። ጆሮውን በነጠላ ሸፍኚለት። የጾሙንም ነገር ለንስሓ አባትሽ ንገሪ፤ ሦስት ዐይነት ምግብ ብቻ የሚበላ ልጅ አለ፥ ያንንም ከከለከሉት ፈጽሞ የሚራብ፤ ካህንም ይህን ካልነገሩት አያውቅም።

የቆማችሁ ምእመናንም፥ ልጅ ሲጮኽ ዞራችሁ አትዩ። «አስወጪው» አትበሉ። ጌታችን ሕፃናትን ሲያመጡለት የከለከሉ ሰዎች ነበሩ፤ እርሱ የተቈጣውም በከልካዮቹ ነው። ካህናት አባቶቻችንም በጥምቀት የተቀበላችሁትን ልጅ ቆሞ መታገሥ ስላልቻለ ብቻ ከቅዱስ ቍርባን አታርቁት፤ ወላጆቹ ሲያመጡት ሰልፉን ሳይጠብቅ አስቀድማችሁ ብታቀብሉት አንድ ደቂቃ ያህል ነው የሚፈጀው።

የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችንም እንለምናለን። ከመካከላችሁ ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ በቅዳሴ ጊዜ እንዲህ ያለውን ልጅ በቅጥሩ ውስጥ ተራ በተራ ብትጠብቁ፥ እናቱ ከስንት ዓመት በኋላ ቅዳሴ አስቀድሳ ትሄዳለች።

አንድ ነገር ቀርቶናል፤ ወላጆች ለማንም የማይነግሩት ነገር ነው። «እኔ ስሞት ይህን ልጅ ማን ይይዘዋል?» ይላሉ። ሕፃኑ ያድጋል፤ ኦቲዝም በልጅነት አይቀርም፥ ጢም ያወጣል፥ ሽበትም ያወጣል። አንዳንዶች ጸሎታቸው ከእኔ አስቀድመህ ውሰደው የሚል ነው። እንዲህ ብለው የሚጸልዩትን አንነቅፋቸውም፤ ወደዚህ ጸሎት ያደረሳቸውን ብቸኝነት ግን ልናስወግድላቸው እንችላለን። ቤተ ክርስቲያናችን ለእያንዳንዱ የተጠመቀ ሕፃን የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት ትሰጠዋለች። ይህ በጥምቀቱ ቀን ልብስ ገዝቶ ለመስጠት ብቻ የተሠራ ሥርዐት አይደለም። ስለዚህ ወላጆች አንድ ደብተር ግዙ፤ የዶናልድ አባት እንደ ጻፈው ያህል ባይረዝምም ስለ ልጃችሁ ጻፉ። ምን ይበላል፥ ምን አይበላም፤ ሲፈራ ምን ያደርጋል፤ በምን ይረጋጋል፤ የትኛውን መድኃኒት በስንት ሰዓት ይወስዳል፤ የሚወደው ዜማ የትኛው ነው፤ እጁን ወደ ጆሮው ሲወስድ ምን ማለቱ ነው። ከደብተሩ ሁለት ቅጂ አድርጋችሁ አንዱን ለክርስትና አባቱ፥ ሁለተኛውን ለታላቅ እኅቱ ወይም ለወንድሙ ስጡ። እናንተም የክርስትና ልጅ ያላችሁ ሁሉ፥ ከሚቀጥለው ሰንበት ጀምሮ ወደዚያ ቤት ሂዱና፥ እናንተን ማየት ልማዱ እስኪሆን ድረስ በተወሰነ ቀንና በተወሰነ ሰዓት እየመጣችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። ባያናግራችሁም ተቀመጡ። ቀኑንና ሰዓቱን አትለዋውጡበት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።